የ18 ቀን ጫጩቶች ያሉበት ክፍል ዓይን ያቃጥላል፤ ምኑን ላስተካክል?

የሰሚቷ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። 60 የቦቫንስ ብራውን (የእንቁላል ዘር) ጫጩቶች አሉ፤ ዛሬ 18 ቀናቸው ነው። የሚያድጉት አዲስ አበባ፣ ከመኝታ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ በሚጋራ 3 በ3 ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ካለፈው ሳምንት ወዲህ እየባሰ ሄዶ አሁን ጠዋት በሩ ሲከፈት ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። አራት ጫጩቶች አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይውላሉ። አከራያችንም ሽታው ግቢ ድረስ ወጣ ብለዋል። ለመመለስ እንዲቀላችሁ ያለውን ሁኔታ በዝርዝር ልጻፈው።

ማቆያው በኮምፔንሳቶ የታጠረ 1.5 በ1.2 ሜትር ነው። ጉዝጓዙ ከእንጨት ቤት የመጣ ደቃቅ ሰጋቱራ ሲሆን ውፍረቱ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እስካሁን አልተቀየረም፤ ከላይ ከላዩ አዲስ ይነሰነስበታል። ማሞቂያው ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ቀንና ሌሊት ይበራል። ሐምሌ ስለሆነ መስኮቱ አይከፈትም። ሁለት ባለ 4 ሊትር መጠጫ ጉዝጓዙ ላይ ተቀምጧል፤ በቀን 5 ሊትር ገደማ ይጨርሳሉ። ውሃው ውስጥ በየቀኑ ቫይታሚን አለ። መኖው የተገዛ ስታርተር (የጫጩት መጀመሪያ መኖ) ነው፤ ከሰዓት በኋላ የእንጀራ ፍርፋሪና የተከተፈ ጎመን ይጨመርላቸዋል። ሽታውን ይመጥጣል ተብሎ ከአምስት ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምድጃ አመድ ይነሰነሳል፤ ማታ ዕጣን ይጨሳል።

ጥያቄዎቼ፦ ሰጋቱራውን ሁሉ ልጣለው? በምን ልተካው? ኖራ ከአመድ ይሻላል? የሚረጭ ነገርስ አለ?


ቢሾፍቱ_ጫጩት

እህቴ፣ እንዲህ ዘርዝረው መጻፍዎ በጣም ጠቅሟል። ከጻፉት ውስጥ ችግሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው «በቀን 5 ሊትር» የሚለው ነው።

እንቁጠረው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የእንቁላል ዘር ጫጩት በቀን ከ20 እስከ 25 ግራም መኖ ይበላል። ለ60 ጫጩት 1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ማለት ነው። የሚጠጣው ውሃ በክብደት የመኖውን እጥፍ ያህል ስለሆነ ቢበዛ 3 ሊትር ይፈልጋሉ። እርስዎ ጋር 5 ሊትር ያልቃል። ሁለት ሊትሩ የት ገባ? ጉዝጓዙ ውስጥ ነው ያለው፤ በየቀኑ ሁለት ሊትር ውሃ 1.8 ካሬ ሜትር ላይ እየፈሰሰ ነው። የጠጡትም ቢሆን አብዛኛው በኩስና በትንፋሽ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። መስኮቱ ተዘግቶ ይህ ሁሉ እርጥበት የሚሄድበት የለውም።

ደረቅ ኩስ ብዙም አይሸትም። በኩሱ ላይ የምናየው ነጩ ነገር ዩሪክ አሲድ ነው፤ ራሱ ጋዝ አይደለም። ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ (ዓይን ወደሚያቃጥለው ሰንፋጭ ጋዝ) የሚለውጠው ውሃና ሙቀት ሲያገኝ ነው፤ እርስዎ ጋር ሁለቱም ሞልተዋል። ስለዚህ የሚታገሉት ከሽታው ጋር ሳይሆን ከውሃው ጋር ነው። ውሃው የሚመጣበትን ዘግተው አየሩን ካስወጡ ሽታው ራሱ ይለቃል።

አሁን ስለ አመዱ። ሽታው የባሰው አመድ መነስነስ ከጀመሩ ወዲህ መሆኑን ልብ ይበሉ። እርጥብ ኩስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ አሞኒየም ሆኖ እርጥበቱ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። ጉዝጓዙ አሲዳማ ሲሆን አብዛኛው እዚያው ታስሮ ይቀራል፤ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲሆን ግን ይለቀቃል። አመድ አልካላይን ነው፤ ኖራ ደግሞ ከእርሱ የባሰ ነው። ሁለቱም እርጥብ ኩስ ላይ ሲበተኑ የታሰረውን አሞኒያ ያስወጡታል፤ በዚያ ላይ ብናኙ የጫጩቶቹን ዓይንና እግር ያቃጥላል። ከዛሬ ጀምሮ አመዱን ያቁሙ፣ ኖራም አያስገቡ። የኖራ ቦታው ጫጩቶቹ ሁሉ ወጥተው፣ ክፍሉ ተጠርጎ ከታጠበ በኋላ ባዶው ወለልና ግድግዳ ነው፤ ያኔም ደርቆ ካላለቀ ጉዝጓዝ አይነጠፍበትም። ደረቅ አመድ ደግሞ ለአዋቂ ዶሮዎች የአቧራ መታጠቢያ ጥሩ ነው።

ዕጣኑንም ይተዉት፤ ለቤቱ መልካም ጠረን ቢሰጥም ለጫጩት ሳንባ ጭስ ጭስ ነው። አሞኒያ በመተንፈሻቸው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ጠራጊ ስስ ፀጉር ሽባ ያደርገዋል፤ ጭስ ሲታከልበት የኒውካስል (የፈንግል) ክትባት ሲሰጣቸው እንኳ ማስነጠሱ ይበረታባቸዋል።


ከረጢትና_አካፋ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የዛሬውን ሥራ ቅደም ተከተል ልጻፍ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አደጋ አለውና።

ምንም ከመንካትዎ በፊት ጫጩቶቹን ያውጡ። ጎኑ የተበሳሳ ሁለት ትልልቅ ካርቶን፣ በያንዳንዱ 30 ጫጩት፣ ሌላ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ። ምክንያቱም በእርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ የሚወጣው ሲገለበጥ ነው፤ ጫጩቶቹ እያሉ አካፋ ከገባበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ከተነፈሱት የበለጠ ሊተነፍሱ ይችላሉ። መስኮቱንና በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱ፣ አፍንጫዎን በማስክ ይሸፍኑ። አስም ያለበት ሰው አያጽዳው።

ከዚያ የመጠጫዎቹን ዙሪያ ያንሱ። እዚያ ያለው ከላይ ደረቅ መስሎ ከስር እንደ ቂጣ ተጋግሮ ያገኙታል፤ በአካፋ ጫፍ ሲነሳ በገጽ በገጹ ይላጣል፣ ከስሩ ጥቁርና የሚያንሸራትት ነው። እርስዎ ጋር ጉዝጓዙ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለዚህ አንድ ጊዜ ሁሉንም ያውጡት። በጆንያ ሞልተው አፉን አስረው ወዲያው ከቤት ያስወጡ፤ ክፍሉ ጥግ ካቆዩት ትርፉ ድካም ነው።

ወለሉን በውሃና በሳሙና ፈትገው ያጥቡ። ኩሱ ተጠርጎ ሳያልቅ በረኪና እንዳያፈሱበት አደራ! በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጥራል፤ ለጫጩቱም ለርስዎም አደገኛ ነው። በረኪና ካስፈለገ ወለሉ በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ከተለቀለቀ በኋላ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው። ከዚያ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ሰጋቱራ ከመጀመሪያው ቀን የተበላሸ ነው።

ጉዝጓዝ፦ ደቃቅ ሰጋቱራ ሳይሆን ከመላጊያ የሚወጣውን ፍቅፋቂ ይጠይቁ። ደቃቁ ይቦናል፣ ሲረጥብ ደግሞ ቶሎ ይጋገራል፤ ፍቅፋቂ በመሃሉ አየር ስለሚያልፍ እርጥበት መጥጦ መልሶ ይለቃል። እንጨት ቤት ሲሄዱ የምን እንጨት እንደሆነ ይጠይቁ። የኤምዲኤፍና የቺፑድ ብናኝ ሙጫ አለው፣ አይሆንም። ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካው አይሆንም። የጥድ ፍቅፋቂ ሽታው ለሰው ደስ ቢልም ዘይቱ በዝግ ክፍል ውስጥ የጫጩት መተንፈሻ ያስቆጣል። የባሕር ዛፍ ወይም የግራቪሊያ ይበቃል፤ ዋናው ደረቅና ያልሻገተ መሆኑ ነው። የጤፍ ጭድ ካልሆነ በቀር የማያገኙ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከትፈው ከፍቅፋቂ ጋር ይቀላቅሉት፤ ለብቻው ቶሎ ይተኛና ይጣበቃል።

ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ቦታውንም ያስፉት፤ 60 ጫጩት በ1.8 ካሬ ማለት በካሬ 33 ነው፣ እስከ አራት ሳምንት ከ20 እስከ 25 ነው የሚመከረው። ኮምፔንሳቶውን ወደ 2 በ1.5 ሜትር ቢከፍቱት 3 ካሬ ይሆናል። ለ3 ካሬ በ7 ሳንቲ ሜትር ወደ 210 ሊትር ፍቅፋቂ ያስፈልጋል፤ ሁለት የኩንታል ጆንያ ቢያመጡ ለመጨመሪያ የሚሆንም ይተርፋል። የተረፈውን ክፍሉ ውስጥ አያስቀምጡት፣ እርጥበት ይስባል።


ዶር_እንስሳት

የአራቱ ጫጩቶች ዓይን ነገር ሳይነሳ እንዳይታለፍ። ለዶሮ ቤት አየር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው የአሞኒያ ጣሪያ 25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 25 እጅ) ነው። የሰው ዓይን እንባ ማቅረር ከጀመረ ያ መጠን ብዙውን ጊዜ ታልፏል። ጫጩቶቹ ደግሞ አፍንጫቸው ከጉዝጓዙ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ እርስዎ ቆመው የሚያሸቱት እነሱን ከሚያገኛቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ ሲፈትሹ ቁመትዎን ወደ እነሱ ያውርዱ፤ ተንበርክከው ፊትዎን ወደ ጉዝጓዙ አስጠግተው ለአንድ ደቂቃ ይተንፍሱ። ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ የዋለ አፍንጫ ይለምዳል፤ ከውጭ የገባ ሰው ቢያሸትልዎ ይሻላል።

ዓይናቸውን በጨው ውሃ ይጠቡላቸው፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ በንጹሕ ጥጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ለየጫጩቱ የተለየ ጥጥ። ክፍሉ ደርቆ አየር ካገኘ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን መክፈት ከጀመሩ ምክንያቱ አሞኒያው ነበር። ፊታቸው ካበጠ፣ ከአፍንጫቸው ፈሳሽ ከመጣ ወይም ሲተነፍሱ ድምፅ ካሰሙ ነገሩ ሽታ ብቻ አይደለምና ቶሎ ለሐኪም ያሳዩ። ለሽታ ብሎ ኦክሲቴትራሳይክሊን ውሃ ውስጥ መጨመር የተለመደ ስህተት ነው፤ አንቲባዮቲክ አሞኒያን አያጠፋም።

የሽታው ዓይነት ራሱ ይናገራል። ዓይን የሚያቃጥል ሰንፋጭ ከሆነ እርጥብ ኩስ ነው። እንደ ጎመጠጠ ሊጥ ከሆነ የረጠበ መኖ ነው፤ የመመገቢያውን ስር ይዩ። ግማት ከሆነ በማሞቂያው ጥግ ወይም ከካርቶን ስር የሞተ ጫጩት ይፈልጉ። አንድ ነገር ደግሞ አያስደንግጥዎ፦ ከስምንት አሥር ኩስ አንዱ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ እንደ ወፍራም የቡና አተላ ያለ፣ ከሌላው በጣም የሚሸት ነው። ከዓይነ ስውር አንጀት የሚወጣ የጤነኛ ጫጩት ኩስ ነው። የሚያስፈራው ደም የቀላቀለ ኩስ፣ ላባው የቆመና ክንፉን የጣለ ጫጩት ነው።

ይህን ያነሳሁት ጊዜው ስለሆነ ነው። ኮክሲዲዮሲስ (በጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ የአንጀት በሽታ) በብዛት የሚታየው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ የጥገኛው እንቁላል እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ለመያዝ ዝግጁ ይሆናል። ዓይን የሚያቃጥል ጉዝጓዝ ለኮክሲም የተመቸ ጉዝጓዝ ነው። ደም ካዩ አምፕሮሊየም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል፤ ያኔ ግን ቫይታሚኑን ማቆም አለብዎ። አምፕሮሊየም የሚሠራው ጥገኛውን ቫይታሚን ቢ1 በመከልከል ነው፤ እርስዎ በዚያው ውሃ ቢ1 ከጨመሩለት መድኃኒቱ ይዳከማል።

ቫይታሚኑን አሁንም ቢሆን በየቀኑ አይስጡ። በመጓጓዣ ለደከመ ጫጩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት፣ ከዚያ በክትባት አካባቢ ይበቃል። ብዙዎቹ ጥቅሎች ጨውና ስኳር አላቸው፤ ያ ያስጠማል፣ ኩሱን ያቀጥናል፣ መጠጫውንም ያዝላል። የእንጀራ ፍርፋሪውን ይተዉት፣ በተለይ ወጥ የነካው ከሆነ ጨው ይበዛበታል፤ ያልተበላው ደግሞ ጉዝጓዙ ውስጥ ይቦካል። ጎመኑን እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባይሰጡ ምንም አይጎድልባቸውም። ቶሎ ይደጉ ተብሎ ስታርተሩ ላይ ተጨማሪ የኑግ ፋጉሎ ወይም የዓሣ ዱቄት የሚቀላቅሉ አሉ፤ የጫጩት መኖ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ሲኖረው በቂ ነው፣ ትርፉን ሰውነታቸው ዩሪክ አሲድ አድርጎ ያወጣዋል። በውድ ገዝቶ አሞኒያ ማምረት ነው።


ቧንቧና_ምስማር

መጠጫውን በተመለከተ። መሬት ላይ የተቀመጠ መጠጫ ያለው ቤት መቼም አይደርቅም፤ ጫጩቱ ይረግጠዋል፣ ሰጋቱራ ይጭርበታል፣ የረጠበው ሰጋቱራ ደግሞ እንደ ክር ውሃውን ወደ ውጭ ይስባል።

ለዛሬ የሚሆነው ይኸው ነው፦ ከጣውላ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፍሬም ይምቱ። ላዩን ቀዳዳው 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆነ የሽቦ መረብ ወጥረው በምስማር ይያዙት፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፣ እግር ይቆርጣል። ከስሩ አሮጌ ትሪ ወይም የተቆረጠ ጀሪካን ያስገቡ። መጠጫው መረቡ ላይ ይቀመጣል፤ የፈሰሰው ትሪው ላይ ይቀራል፣ ጠዋትና ማታ ይደፋል። ከታች የተጠራቀመውን ውሃ ሲያዩ እስካሁን ጉዝጓዙ ውስጥ ምን ሲገባ እንደነበር በዓይንዎ ያዩታል። ለሁለቱም መጠጫ ሁለት ፍሬም። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ያስታውሱ፤ የአንድ ሳምንት ጫጩት እግር በ1 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ይሾልካል፣ ለእነሱ የግማሽ ሳንቲ ሜትር መረብ ነው።

የመጠጫው ከንፈር ከጫጩቱ ጀርባ ጋር እኩል ይሁን። ጎንበስ ብሎ ሳይሆን ቀጥ ብሎ እንዲጠጣ። ጫጩት በሳምንት ውስጥ ስለሚረዝም በየእሁዱ ከስሩ አንድ ጣውላ ይጨምሩ። መመገቢያውም እንዲሁ፤ ከግማሽ በላይ አይሙሉት፣ ሞልቶ ሲጭሩት ይፈሳል።

ዘላቂው መፍትሔ ኒፕል (ጫጩቱ በመንቁሩ ሲነካው ውሃ የሚሰጥ ጫፍ) ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከክዳኑ ጋር፣ ከስሩ ሁለት ሜትር የሚሆን የፒቪሲ ቱቦ፣ ከ6 እስከ 8 ኒፕል፤ ለአንድ ኒፕል ከ8 እስከ 10 ጫጩት ይታሰባል። የኒፕሉን ጥርስ በቴፍሎን ጠቅልለው ያጥብቁ። ባልዲው ከቱቦው ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ ግፊቱ ሲበዛ ያንጠባጥባል። ቱቦው በውሃ ልክ ይተኛ፣ አንድ ጫፉ ከፍ ካለ በዚያ በኩል አየር ይይዝና ኒፕሎቹ ይደርቃሉ። ከፍታው ጫጩቱ አንገቱን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚደርስበት ነው። የድሮውን መጠጫ ሁሉም ኒፕሉን መንካት እስኪለምዱ ሦስት ቀን ያህል አያውጡት። ሌሊት ከኒፕሉ ስር ነጭ ወረቀት አንጥፈው ጠዋት ይዩ፤ የረጠበ ክብ ካለ ያ ኒፕል ያፈሳል።

አሁን መስኮቱ። «ዝናብ ነው፣ የውጭው አየር እርጥብ ነው» ብሎ መዝጋት ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። የሐምሌ ሌሊት አየር 10 ዲግሪ ላይ እርጥብ ቢሆንም ክፍሉ ገብቶ 20 ዲግሪ ሲደርስ አንጻራዊ እርጥበቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል፤ ማለትም የማድረቅ አቅም ይዞ ነው የሚገባው። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ኮርኒሱ አጠገብ ይሁን። የመስኮቱን የላይኛውን ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ቀንና ሌሊት ክፍት ይተዉት፣ ለድመትና ለአይጥ መረብ ይምቱበት። መግቢያው ከበሩ ስር ያለው ክፍተት ይበቃል። ብርዱ ጫጩቶቹን በቀጥታ እንዳያገኛቸው የማቆያው ግድግዳ 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ከታች ቀዳዳ አይኑረው። የሚታፈነው ማቆያው ነው፤ ክፍሉ መተንፈስ አለበት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ መብራት ሲጠፋ ከሰል አያስገቡ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ግድግዳ የሚጋራ መኝታ ቤት ያለበት ቤት ውስጥ ደግሞ የሚገድለው ጫጩት ብቻ አይደለም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሙቅ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው መሃላቸው ያስቀምጡ፤ ለ60 ጫጩት ሦስት ጀሪካን፣ በየሦስት አራት ሰዓቱ ይቀየራል። ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ፣ እሱም ካፈሰሰ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለስን።


ቢሾፍቱ_ጫጩት

አምፖሉን ረስተነው ነበር። በሦስተኛው ሳምንት በጫጩቱ ቁመት ላይ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይበቃል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ነበር፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ሁለት ባለ 100 ዋት በ40 ሳንቲ ሜትር ለዚህ ዕድሜ ምናልባት ይበዛል። ቴርሞሜትር ከሌለዎት ጫጩቶቹን ይዩ፦ ከአምፖሉ ሸሽተው ግድግዳ ከተደገፉ፣ አፋቸውን ከፍተው ከተነፈሱ ሞቋቸዋል፤ ሲሞቃቸው ደግሞ አብዝተው ይጠጣሉ፣ ኩሳቸው ይቀጥናል። ተደራርበው እየጮኹ ከተጠጋጉ በርዷቸዋል። ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው። አምፖሎቹን ወደ 55 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይጀምሩ። ለእሳት እንዳይሰጥ በገመድ ብቻ ሳይሆን በሽቦም ይያዙት፤ ደረቅ ፍቅፋቂ ላይ የወደቀ አምፖል ቤት ያቃጥላል።

ከዛሬ በኋላ ጉዝጓዙን በየሦስት ቀኑ ሙልጭ አድርጎ መቀየር አያስፈልግም። በዚህ ላይ የሚከራከሩኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን ደርቆ የቆየ ጉዝጓዝ ችግር የለበትም፣ በየሦስት ቀኑ የሚቀየር ግን ውሃ የሚፈስበት ጉዝጓዝ ገንዘብ ያባክናል እንጂ አይደርቅም። በቀን አንድ ጊዜ የረጠበውን ብቻ በእጅ አካፋ ያንሱ፣ በቦታው ደረቅ ይሙሉ፣ ቀሪውን በመንሽ ገልብጡት። ጭብጥ አድርገው ይፈትኑት፦ ሲለቁት እንደ ኳስ ከያዘ ረጥቧል፤ ትንሽ ተያይዞ ከተፈረካከሰ ልኩ ነው፤ ጭራሽ ካልተያያዘና ከቦነነ በጣም ደርቋል።


ከረጢትና_አካፋ

በየሦስት ቀኑ ከሚሉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ግን ለሁሉም ቤት አልልም። ለ3 ካሬና ለተለየ ሰርቪስ ቤት ያሉት ይሠራል። ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ክፍል ግን በሳምንት አንዴ ቢያንስ ግማሹን መተካት ይሻላል እላለሁ፤ ለአሞኒያው ብቻ ሳይሆን ለዝንቡ። ዝንብ በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ ክንፍ ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል፤ እርጥቡ በሳምንቱ ከወጣ ዑደቱ ይቋረጣል።


የሰሚቷ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉም ተደርጓል። ከአራት ቀን በኋላ ያለው ሁኔታ ይህ ነው፦ ውሃው በቀን ወደ 3 ሊትር ወርዷል፣ ትሪው ላይ ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ ያህል ይገኛል። ከአራቱ ሦስቱ ዓይናቸውን ከፍተዋል። ቀን ቀን ሽታ የለም ማለት ይቻላል፤ ንጋት ላይ ግን አሁንም ትንሽ ይሰነፍጣል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። የወጣው ጉዝጓዝ አምስት ጆንያ ሆኗል፣ የት ይደረግ? ኢኤም የሚባለውን ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን ያሉበት ፈሳሽ ጫጩቶቹ ባሉበት ጉዝጓዝ ላይ መርጨትስ ይጠቅማል?


ቧንቧና_ምስማር

የንጋቱን እኔ ልመልስ። ማታ መስኮቱን ዘግተውታል ማለት ነው፣ ወይም ከበሩ ስር ጨርቅ ተደርጓል። ከላይ መውጫ ኖሮ ከታች መግቢያ ከሌለ አየሩ አይንቀሳቀስም። ለመፈተን ክር ከበሩ ስር አንጠልጥሉ፤ ወደ ውስጥ ካዘነበለ አየር እየገባ ነው፤ ቀጥ ብሎ ከቆመ ተዘግቷል።


ዶር_እንስሳት

ጆንያዎቹ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናሉ፣ ግን በጆንያ ታስረው ከቆዩ ይገማሉ። ግቢው ፈቃድ ካለው ከመስኮትና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ባለ ጥግ፣ ዝናብ በማይነካው ጥላ ስር ይከምሩት። አንድ ጆንያ ጉዝጓዝ፣ በላዩ አንድ ጆንያ ደረቅ ቅጠል ወይም ጭድ፣ እንደገና ጉዝጓዝ፤ ከላይ ሁልጊዜ በደረቅ ነገር ይሸፈን። አመድ እዚህም አይግባ፣ ያው አሞኒያውን ያባርረዋል፤ ማዳበሪያውም ኃይሉን ያጣል። ጠረኑ ከበረታ ደረቅ ቅጠል አንሶታል። በየሳምንቱ ይገልብጡት፤ መሃሉ እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው እየሠራ ነው። ትኩሱን ለሰላጣና ለካሮት መደብ አይጠቀሙበት፣ ሳልሞኔላ (ሆድ የሚያምም ባክቴሪያ) ሊኖረው ይችላል። ግቢው ካልፈቀደ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች በደስታ ይወስዱልዎታል።

ኢኤሙን በተመለከተ፦ የሚረጭ ማንኛውም ፈሳሽ አሁን የደከሙበትን ድርቀት ይመልሰዋል። ለኮምፖስቱ ክምር ይጠቀሙበት፣ ለጉዝጓዙ ግን አይደለም። ኮምጣጤ ውሃቸው ውስጥ የሚጨምሩም አሉ፤ ለሽታው የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ በቆርቆሮ መጠጫ ውስጥ ደግሞ ዚንኩን ያሟሟል።

ለልጆች ካሉ፦ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑት ክፍሉ አይግቡ። የክፍሉ ጫማና ጋቢ ለብቻው በር ላይ ይቀመጥ፤ ቤት ውስጥ የሚዞረው ሽታ ግማሹ በልብስና በጫማ የሚገባ ነው። በአራተኛውና በስድስተኛው ሳምንት መካከል ላባ ስለሚቀይሩ ብናኙ ይበዛል፤ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ግድግዳውንና የመስኮቱን ደፍ፤ ጉዝጓዙን ግን ጨርቁ አይንካው።


ቢሾፍቱ_ጫጩት

ከአራት ሳምንት በኋላ ቦታው እንደገና ይጠብባቸዋል፤ ያኔ በካሬ ከ10 እስከ 12 ነው፣ ለ60ው ከ5 እስከ 6 ካሬ። ከ3 በ3 ክፍል ሁለት ሦስተኛው ማለት ነው፣ በ1.5 ኪሎ ፈንታም በቀን ወደ 2.5 ኪሎ መኖና 5 ሊትር ውሃ ይገባበታል። ቁጥሩ 5 ሊትር ሲደርስ በዚያን ጊዜ የሚጠጡት ስለሆነ አይደንግጡ፤ ትሪውን ይዩ እንጂ። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀን ቀን አምፖሉን ያጥፉ፣ ማታ አንዱን ብቻ ያብሩ፤ በስድስተኛው ላባቸው ሞልቶ ሌሊት ያለ አምፖል ተበታትነው ሲተኙ ካዩ ወደ ውጭው ቤት ይውጡ። የውጭው ቤት ጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ጉዝጓዝ ከመንጠፍዎ በፊት አሁን ይጠግኑት፣ ነሐሴ ገና አልመጣም።